አንድ ብር በ292 መንገድ

ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» የምንለው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ፣ እንግሊዞች ይዘውት የገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እዚህ አገር መገበያያ ሆኖ ነበር። በሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ምንዛሪው አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሆነ። የብር ግማሽ እንግዲህ ሽልንግ ነው። ገንዘቡ ሄደ፣ ስሙ ኪሳችን ውስጥ ቀረ።

የዚያ ዘመን ሳንቲሞች አምስት ናቸው፦ 1፣ 5፣ 10፣ 25 (ስሙኒ) እና 50። የተጻፈባቸው ዓመት 1936 ነው፤ ሃምሳዋ ከእውነተኛ ብር የተሠራች ነበረች። ደርግ በ1969 የንጉሡን ምስል አንስቶ የአንበሳ ራስ ሲያስገባ እንኳ ቁጥሮቹን አልነካቸውም።

በእነዚህ አምስት ሳንቲሞች አንድ ብር በስንት ዓይነት መንገድ ይዘረዘራል? ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ዘዴው ከትንሹ መጀመር ነው። በ1 እና በ5 ብቻ 21 መንገድ አለ፤ ባለ አምስቶቹ ከ0 እስከ 20 ሊሆኑ ይችላሉ፣ የጎደለውን ባለ አንዶቹ ይሞሉታል። አስር ሲጨመር 121፣ ስሙኒ ሲጨመር 242፣ ሽልንግ ሲጨመር 292። የአሜሪካ ዶላርም በእነዚሁ ቁጥሮች ሲዘረዘር መልሱ ያው ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ በ1956 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል።

አሁን እስቲ ወደ ኋላ እንቀንስ። 1 ሳንቲምን አውጧት፦ 292 የነበረው 40 ይሆናል። አምስትን አውጡ፣ 6 ይቀራል። አስርን አውጡ፣ 3። ስሙኒም ስትወጣ ሁለት ሽልንግ ብቻ፣ በቃ፣ 1 መንገድ።

ገበያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። 1 ሳንቲም ከእጅ ስትጠፋ በ3 ሳንቲም የሚሸጥ ነገርም አብሯት ይጠፋል፤ ዋጋው ወደ አምስት ከፍ ይላል እንጂ ወደ ታች ሲወርድ ያየ ማን ነው? ልዩነቷ የምትሰማው ደግሞ ጥቂት ጥቂት ለሚገዛ ሰው ነው። በኪሎ የሚገዛው አንዴ ይከፍላታል፤ በማንኪያ የሚገዛው በየቀኑ።

በ2002 ብር ራሱ ሳንቲም ሆኖ ወጣ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ለሁለት ተሳፋሪ አንድ የወረቀት ብር ይሰጥና «ዝርዝር የለኝም፣ ተካፈሉ» ይላል። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ወርደው የሚዘረዝርላቸው ሱቅ ፍለጋ ይሄዳሉ።