የሚራራ ልብ፣ የታጠበ እጅ

ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን በገዛችበት ዘመን (ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ.) አንዲት ነርስ የምትሠራባቸው ዕቃዎች ጥቂት ነበሩ፤ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ፋሻ፣ የውሃ ሳህን፣ ስፖንጅ፣ ቀና ማለት ላቃተው በሽተኛ ሾርባ የምታጠጣበት እንደ ማንቆርቆሪያ ማፍሰሻ ያለው ኩባያ፣ ለሌሊት ደግሞ መብራት። እነዚህ ተራ ዕቃዎች ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣሉ። መልካም ልብ ብቻውን ይበቃልን?

ስፖንጁን እንመልከት። በዘመኑ አጋማሽ በብዙ ሆስፒታሎች አንድ ስፖንጅና አንድ ሳህን ውሃ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞሩ ነበር። ነርሷ የአንዱን ቁስል ካጠበች በኋላ በዚያው ስፖንጅ የሚቀጥለውን ታጥባለች። ክፋት የለባትም፤ እያዘነች፣ ምናልባትም እየጸለየች ነው የምታጥበው። ነገር ግን በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ያችው የምትራራ እጅ ነበረች።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት ጽፋለች። በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት ሄዳ፣ ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር በመሠረቱት የሴት ዲያቆናት ማሠልጠኛ ተማረች። በኅዳር 1854 ከ38 ነርሶች ጋር በቱርክ ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሰች። በሌሊት ቁስለኞችን ስትጎበኝ የምትይዘው መብራት እኛም በስሙ የምናውቀው ፋኖስ ነበር። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስታውሳት በዚያ ብርሃን ነው።

ይሁን እንጂ ፋኖሱ እየበራም ሰው ይሞት ነበር። በየካቲት 1855 ወደ ሆስፒታሉ ከገቡት ከ100 ሰዎች 42 ያህሉ ሞቱ። በመጋቢት ከእንግሊዝ የተላኩ የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ደርሰው በሕንፃው ሥር የተደፈነውን የቆሻሻ መውረጃ አስጠረጉ፤ አየር እንዲገባም አደረጉ። በሰኔ ሟቾቹ ከ100 ወደ 2 ገደማ ወረዱ። ናይቲንጌል ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሮቹን አጥንታ፣ ከጥይት ይልቅ ሊከላከሉት የሚቻል በሽታ ብዙ ወታደር እንደገደለ በሥዕላዊ መግለጫ ለመንግሥት አሳየች። ነርሶች በቀን ውስጥ ደጋግመው እጃቸውን እንዲታጠቡም በመጽሐፏ አሳሰበች። በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤቷ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ የነርሷ ዕቃዎች ተለወጡ። በ1865 ጆሴፍ ሊስተር የተባለ ሐኪም በግላስጎ፣ ጋሪ እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነ፤ ቁስሉም ሳያመረቅዝ ዳነ። ቀስ በቀስ የካርቦሊክ ጠርሙስ ከነርሷ የማይለይ ዕቃ ሆነ። ቴርሞሜትሩም እንዲሁ ነው። ቀድሞ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ለመለካትም 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ቶማስ ክሊፎርድ ኦልበት በ1860ዎቹ አጋማሽ ግማሹን ያህል አሳጥሮ በ5 ደቂቃ የሚለካ ሠራ። ያን ጊዜ ነርሷ የበሽተኛውን ትኩሳት በየዕለቱ ለክታ መመዝገብ ቻለች።

እውቀት መጣ ማለት ግን ፍቅር አላስፈለገም ማለት አይደለም። አግነስ ጆንስ በካይዘርስቨርትም በቅዱስ ቶማስም የሠለጠነች አማኝ ነበረች። በ1865 በሊቨርፑል የድሆች መጠለያ ሆስፒታል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ሕሙማን ልታገለግል ገባች። በ1868 እዚያው በታይፈስ ታማ በ35 ዓመቷ አረፈች።

ወገኖቼ፣ ደጉ ሳምራዊ አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ወደ ቆሰለው ሰው ቀርቦ በያዘው ዘይትና ወይን አከመው፣ ቁስሉንም አሰረለት። እኛም በሽተኛ ልንጠይቅና ልንጸልይለት ስንሄድ ርኅራኄያችን እስከ እጃችን ይድረስ። አልጋው አጠገብ ከመንበርከካችን በፊት እጃችንን እንታጠብ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰዱን እንጠይቅ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ፍቅር ለወንድሙ የሚበጀውን ለማወቅ ይተጋልና።