«ሞቷል» የተባለው ሪፍ
የሜልቦርን ወዳጆችና የግሬት ባሪየር ሪፍ ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሜልቦርን ብርድ አጥንት ድረስ ዘልቆ በሚገባበት በሰኔና በሐምሌ፣ ብዙ ወጣቶች ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኲንስላንድ ጠረፍ ይነጉዳሉ። ከጓደኛ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ በርካሽ ማደሪያ እያደሩ እስከ ኬርንስ መዝለቅ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ሪፉ ወጥቶ ባሕር ውስጥ መጥለቅ የተለመደ ሆኗል። የባሕር ኤሊ ከጎን ሲቀዝፍ፣ ቀለሙ የማይቆጠር ዓሣ በመንጋ ሲያልፍ ያየ ወጣት ሲመለስ ወሬው እሱ ብቻ ነው። ይህ ባሕር ግን እንዲሁ ተጠብቆ የቆየ አይደለም። ለኖራ ሊፈጭ፣ ለነዳጅ ሊቆፈር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያተረፉት ጥቂት ወዳጆች ሲሆኑ፣ የነገሩም አንዱ ሥር የሚገኘው እዚሁ ሜልቦርን ነው።

በመጀመሪያ ሪፍ ምን እንደሆነ መረዳት ይጠቅማል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው። እነዚህ እንስሳት ከባሕሩ ውሃ የሚያገኙትን ኖራ እየጋገሩ ለራሳቸው ቤት ይሠራሉ። በሰውነታቸው ውስጥ ደግሞ ከዓይን የረቀቁ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ቀለሙንም ምግቡንም በአብዛኛው የሚሰጧቸው እነዚህ ናቸው። አንዱ ትውልድ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው ግሬት ባሪየር ሪፍ ነው። ምፅዋን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም፤ የከተማይቱ ጥንታዊ ቤቶች የተገነቡት ከዚሁ ከኮራል ድንጋይ ነውና።

ጆን ቡስት በ1909 ቪክቶሪያ ውስጥ በቤንዲጎ ከተማ ተወለደ። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወደ ሥዕል አዘነበለ። በኤልተም፣ ሠዓሊው ጀስተስ ዮርገንሰን ያቋቋመውን ሞንትሳልቫት የተባለ የአርቲስቶች መንደር ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። የመንደሩ ቤቶች ከድንጋይና ከጭቃ ጡብ የተሠሩ በመሆናቸው ዛሬ ሄዶ ለሚያያቸው አበሻ የአገር ቤት ትዝታ ይቀሰቅሳሉ። ቡስት በ1940 ወደ ሰሜን ሄዶ በቤዳራ ደሴት ሰፈረ፤ እዚያም በዚሁ ሙያ ቤቱን ሠራ። በኋላም ከባለቤቱ ከአሊሰን ጋር በዋናው ምድር ላይ ወዳለችው ቢንጊል ቤይ ተዛወረ።

ሁለተኛው ሰው ሃሮልድ ሆልት ነው። የቡስት የተማሪነት ዘመን ወዳጅ የነበረው ሆልት፣ በፖለቲካ ከፍ እያለ ሄዶ በጥር 1966 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ባሕር ውስጥ ጠልቆ ዓሣ መውጋት ይወድ ስለነበር የዕረፍት ጊዜውን የሚያሳልፈው በቪክቶሪያ በፖርትሲ፣ በኲንስላንድ ደግሞ በወዳጁ መንደር በቢንጊል ቤይ ነበር። ለስደተኛው አንባቢ የሆልት ስም ሌላም ትርጉም አለው። «ነጭ አውስትራሊያ» የተባለውን የኢሚግሬሽን ፖሊሲ ማፍረስ የተጀመረው በመጋቢት 1966 በእርሱ መንግሥት ነው፤ በ1973 የዊትላም መንግሥት ፈጽሞ ዘጋው። ያ በር ባይከፈት ኖሮ በፉትስክሬይ የእንጀራ ሽታ ባልነበረ።

ቢንጊል ቤይ ያለችበት የሚሽን ቢች አካባቢ የጂሩ ሕዝብ አገር ነው። ጂሩዎችና ጎረቤቶቻቸው ባሕሩንና ጫካውን ከሁሉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በ1914 መንግሥት በዚያ አካባቢ የሃል ሪቨር ሰፈራን አቋቁሞ የአካባቢውን ነባር ተወላጆች በግድ ሰበሰበባቸው። በመጋቢት 1918 የደረሰ ከባድ አውሎ ነፋስ ሰፈራውን አፈረሰው፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ የተረፉት ወደ ፓልም ደሴት ተወሰዱ። ዛሬ ተጓዡ በደስታ የሚሮጥበት ነጭ አሸዋ ይህን ሐዘን ተሸክሞ የቆየ ነው።

በ1967 አንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ ኤሊሰን ሪፍ ከተባለው ሥፍራ ኮራል ቆፍሮ፣ ለእርሻ የሚሆን ርካሽ ኖራ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ምክንያቱ «ሪፉ ሙት ነው፤ ማንንም አይጎዳም» የሚል ነበር። ቡስት ማስታወቂያውን በጋዜጣ እንዳየ ተቃውሞ አቀረበ። ለአንዱ ሪፍ «ሙት ነው» ተብሎ ከተፈቀደ ነገ ለሌላው መከልከያ እንደማይኖር ገብቶታል። ከጎኑ የቆሙት ሁለት ወዳጆቹ ነበሩ፤ አንዷ ባለቅኔዋ ጁዲት ራይት፣ ሌላው የደን ተመራማሪው ሌን ዌብ። አንዱ በብሩሽ፣ አንዷ በብዕር፣ አንዱ በሳይንስ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ገንዘብም ሥልጣንም አልነበራቸውም።

ዳኝነቱ የሚታየው በኢኒስፌል ስለነበር ማስረጃ አስፈለገ። ያን ጊዜ በብሪስቤን የተቋቋመ አንድ የወጣት ጠላቂዎች ማኅበር ደረሰላቸው። አባላቱ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው መጡና ኤሊሰን ሪፍ ላይ ጠለቁ። ያዩትን የኮራል፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ ዓይነት እየቆጠሩ መዘገቡ። «ሙት» የተባለው ሪፍ ሕይወት የሞላበት መሆኑ ታወቀ። የሞተ የሚመስለው ክፍል እንኳ ለዓሣው መጠለያ፣ ለአዲሱ ኮራል መሠረት እንደሆነ ለችሎቱ አስረዱ። ማመልከቻውም ውድቅ ሆነ።

ድሉ ግን ከሐዘን ጋር መጣ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1967 ሃሮልድ ሆልት በፖርትሲ አቅራቢያ በቼቪዮት ቢች ሊዋኝ ገብቶ እንደወጣ ቀረ። ዕድሜው 59 ነበር። ብዙ ተፈልጎም አስከሬኑ አልተገኘም። በግሌን አይሪስ ያለው የመዋኛ ገንዳ በስሙ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቻቸውን ዋና ለማስተማር ወደዚያ የሚወስዱ ወላጆች ስሙን በሩ ላይ ያነቡታል። ቡስት ግን ወዳጁንም በካንቤራ የነበረውን ትልቁን ደጋፊውንም በአንድ ቀን አጣ።

ቀጥሎ የመጣው ከኖራው የባሰ ነበር። ከ1968 ጀምሮ ኲንስላንድን የመሩት ጆ ብዬልኬ ፒተርሰን በሪፉ አካባቢ ነዳጅ እንዲፈለግ ይደግፉ ነበር፤ የሪፉም ሰፊ ክፍል ለኩባንያዎች በፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ከሳይንቲስቶች መካከል እንኳ «በቁጥጥር ከሆነ ችግር የለውም» የሚሉ ነበሩ። ቡስትና ወዳጆቹ ለፖለቲከኞች ደብዳቤ ጻፉ፣ ለጋዜጦች ተናገሩ፣ ሰው ሰበሰቡ። በ1969 በካሊፎርኒያ በሳንታ ባርባራ ከባሕር ጉድጓድ የፈሰሰው ነዳጅ ያሉትን በዓይን አሳየ። በ1970 መጀመሪያ ላይ የሠራተኛ ማኅበራት ሪፉ ላይ ሊቆፍር በተዘጋጀው መርከብ ላይ አድማ እንደሚያደርጉ አስታወቁ። በመጋቢትም ኦሺኒክ ግራንጀር የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በቶረስ ሰርጥ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ ነዳጅ አፈሰሰ። መንግሥታቱም ጉዳዩን የሚያጣራ ንጉሣዊ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደዱ።

ቡስት ፍጻሜውን አላየም፤ በ1971 አረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የዊትላም መንግሥት የግሬት ባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ አዋጅን አወጣ። በ1981 ሪፉ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ዛሬ ፓርኩ 344,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ነዳጅ መቆፈርም ክልክል ነው። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ከፓርኩ አንድ ሦስተኛው ዓሣ እንዳይጠመድበት ተከልሏል።

የአሁኑ ጠላት ግን በፍርድ ቤት ተከሶ የሚቆም አይደለም። ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በውስጡ የሚኖረውን አልጌ ያስወጣና ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይሞታል። በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ሰፊ የመንጣት አደጋ ደርሷል። በ1967 «ሞቷል» ማለት ሐሰት ነበር፤ እውነት እንዳይሆን የማድረጉ ሥራ ለዛሬው ትውልድ ተላልፏል።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰቡ ወጣቶች ጥቂት ነገር ቢያውቁ ይበጃቸዋል። ከኅዳር እስከ ግንቦት በጠረፉ ላይ ሰው የሚገድል ቦክስ ጄሊፊሽ ስለሚኖር መከላከያ ልብስ ሳይለብሱ፣ ከተከለለው ቦታ ውጭ መዋኘት አይገባም። በወንዝ አፍ አካባቢ አዞ አለ፤ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። በሚሽን ቢች ጫካ ካሶዋሪ የተባለውን ሰጎን መሰል ትልቅ ወፍ ያገኘ ሰው ርቆ ይለፈው እንጂ ምግብ አይስጠው። ኮራልን መርገጥና መንካት ነውር ነው፤ ቆርሶ ለማስታወሻ መያዝ ደግሞ ወንጀልም ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ተረት እዚህም ሠርቷል። አንድ ሠዓሊ፣ አንዲት ባለቅኔ፣ አንድ የደን አዋቂ፣ ጥቂት ተማሪዎችና የወደብ ሠራተኞች ተባብረው ኩባንያዎችንና አንድ የግዛት መንግሥት አቆሙ። ከፉትስክሬይ ወይም ከሰንሻይን ተነሥቶ፣ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ኤሊውን ፊት ለፊት የሚያይ የአበሻ ልጅም የዚያ ትብብር ወራሽ ነው።