የመዋዕለ ሕፃናት ዜና መዋዕል

“መዋዕል” የግእዝ ቃል ነው። ቀኖች፣ ዘመን ማለት ነው። ከዚሁ ቃል ሁለት ነገሮችን ሰይመናል፦ አንዱ ዜና መዋዕል፣ ሌላው መዋዕለ ሕፃናት። ዜና መዋዕል ንጉሡ መቼ እንደ ነገሠ፣ የት እንደ ዘመተ፣ ማንን ሾሞ ማንን እንደ ሻረ ይተርካል። ጸሐፊውም “ጸሐፌ ትእዛዝ” ተብሎ ከነማዕረጉ ይታወቃል። መዋዕለ ሕፃናት ግን ታሪክ ጸሐፊ የለውም። መስከረም በጠባ ቁጥር በየሰፈሩ በር ላይ የሚሰማውን ያን ሁሉ ለቅሶ ማን መዘገበው? ማንም። “ልጅ ነው፣ ይለምደዋል” ብለን እናልፈዋለን።

እስቲ ዛሬ እኔ ልሞክረው። ሕፃን ልጅ ከእናቱ እጅ ወጥቶ ለባዕድ የሚሰጥበት ጠዋት እንደ ዘመቻና እንደ ሹመት ሁሉ ታሪክ አለው ብዬ ስለማምን ነው።

ድሮ ልጅ ከቤት የሚወጣው ወደ የኔታ ነበር። “የኔታ” የሚለው መጠሪያ “የኔ ጌታ” ከሚለው ያጠረ ነው፤ ከስሙ ጀምሮ ማን የበላይ እንደ ሆነ ይናገራል። ልጁ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ወይም ከጎጆ ሥር ይቀመጥና መጀመሪያ ሀሁን ይቆጥራል፣ ቀጥሎ አቡጊዳን፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ በመጨረሻ ዳዊትን። በእስልምናውም ወገን ሎሁን ይዞ ከቁርኣን አስተማሪው ፊት ይቀመጣል፤ የተጻፈለትን ሲይዝ ሎሁ ታጥቦ ሌላ ይጻፍለታል። ወላጅ ልጁን ሲያስረክብ አንድ ቃል ብቻ ይላል፦ “አደራ!” አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እንዲሉ፣ ከባድ ቃል ነው። ግን ያ አደራ ሁለት ፊት ነበረው። “ጠብቁልኝ” ማለት ነው፣ “ቅጡልኝ”ም ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት ሸሽቶ የጠፋው በጣም ዝነኛው ኢትዮጵያዊ ልጅ ማን ይመስላችኋል? ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደ ኖረ የሚነገርለት ይህ ሊቅ፣ በትውፊቱ እንደምንሰማው፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት አስተማሪው የነበረው አጎቱ ጌዴዎን ገረፈው። ልጁም ጥሎ ጠፋ። ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲሞክር፣ በመጨረሻ ሲሳካለት አየ። ከዚያ ተመልሶ አጎቱን ይቅርታ ጠየቀና ተማረ።

ይህን ታሪክ ለትውልድ ስንተርከው የኖርነው ስለ ትሉ ነው። ጽናትን እናስተምርበታለን፤ ጥሩ ነው። ግን ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፦ ይቅርታ የጠየቀው የተገረፈው ልጅ ነው። በትረካው ውስጥ አጎትየው ምን ተሰማው የሚል ጥያቄ የለም። ልጁ ለምን እንደ ሸሸ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሳንነጋገርበት ግን አለፍነው። ለመሆኑ ስንት ያሬድ ትል ሳያይ ቀርቶ ይሆን?

ሆኖም ለአሮጌው ሥርዓት ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ዱላውን ትተን ሌላውን ስናይ፣ ለሕፃኑ የሚመች ነገርም ነበረው። ቦታው ባዕድ አልነበረም፤ ልጁ በአንቀልባ ታዝሎ የሚመጣበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የኔታም ባዕድ አልነበሩም፤ ለክርስትናና ለተዝካር ቤት ድረስ የሚመጡ ሰው ናቸው። ከጎኑ ወንድሙ ወይም የጎረቤት ልጅ ይቀመጣል። ፊደል የሚያስቆጥረውም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለው ተማሪ ነው። ልጁ ከቤቱ ሲወጣ የሚያውቀውን ዓለም በሙሉ ትቶ አይወጣም ነበር።

ዛሬ የምናውቀው መዋዕለ ሕፃናት ከሌላ አገር የመጣ ሐሳብ ነው። ፍሬድሪሽ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 በብላንክንቡርግ ከተማ ለትንንሽ ልጆች የጨዋታ ትምህርት ጀመረ፤ በ1840 “የልጆች አትክልት ስፍራ” የሚል ስም ሰጠው። ልጅ ተክል ነው፣ አስተማሪ አትክልተኛ ነው ባይ ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት ግን እምነተ ቢስነትና ሶሻሊዝም ይሸተኛል ብሎ በ1851 መዋዕለ ሕፃናትን በሙሉ ዘጋ። ፍሮብል በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። ልጆች በእንጨት ኳስና በኩብ ስለተጫወቱ አንድ መንግሥት ፈራ!

በአገራችን የመጀመሪያው ተብሎ ዘወትር የሚጠቀሰው መዋዕለ ሕፃናት በድሬዳዋ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች የተከፈተው ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት የከተማና የባለጸጋ ነገር ሆኖ ቆየ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀበሌዎች በየሰፈሩ ከፈቱ። እኔም ከእነዚያ የቀበሌ ልጆች አንዱ ነኝ። ብዙ መጫወቻ አልነበረንም፤ ነገር ግን ሽርጥ ታጥቀው የሚቀበሉን ሞግዚት የጎረቤታችን እናት ነበሩ። እናቴም ገበያ ስትሄድ በአጥሩ ቀዳዳ ትታየን ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደረጃውን ቢያውቀውም ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቱ፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ተተወ። በየመንገዱ ዳር የዳክዬና የዝሆን ሥዕል የተሳለባቸው ግድግዳዎች የበዙት፣ “ነርሰሪ”፣ “ኬጂ”፣ “ሚስ” የሚሉት ቃላትም አማርኛ የሆኑት ያኔ ነው። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥም ዜሮ ክፍል ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃውን ትምህርት ሁለት ዓመት አደረገው።

እንግዲህ በሩ ተከፈተ፤ ልጁም ገባ። አገባቡስ?

እዚህ ላይ ዓለም ያወቀውን ጥቂት ልጥቀስ። ሜሪ ኤንስዎርዝ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በካምፓላ አካባቢ በባጋንዳ ቤቶች እየተዘዋወሩ እናቶችንና ጨቅላዎችን ተመለከቱ። ሕፃኑ እናቱን እንደ ማረፊያ ይዞ ራቅ ራቅ እያለ ዓለምን እንደሚመረምር፣ ሲፈራም ወደ እሷ እንደሚመለስ ጻፉ። ዛሬ መላው ዓለም የሚማረው ይህ ዕውቀት ከኛው ምሥራቅ አፍሪካ መንደሮች የተለቀመ መሆኑን ልብ በሉ። በ1969 ደግሞ ጄምስና ጆይስ ሮበርትሰን የተባሉ ባልና ሚስት እናቱ ልትወልድ ሆስፒታል በመግባቷ ዘጠኝ ቀን በሕፃናት ማቆያ የቆየን የ17 ወር ልጅ በፊልም አሳዩ። ልጁ አንዷን ሞግዚት ሊጠጋ ይሞክራል፤ ሞግዚቶቹ ግን ይፈራረቃሉ፤ ሰው አጥቶ ይደክማል። እናቱ ስትመለስ ፊቱን አዞረባት። “ዝም አይነቅዝም” ይባላል፤ ሕፃን ግን ዝም ብሎ ይነቅዛል። የሚያለቅሰውን ልጅ “አስቸጋሪ”፣ ጥግ ይዞ ዝም ያለውን “ጨዋ፣ የለመደ” የምንል ሰዎች ያን ፊልም ብናየው መልካም ነበር።

ይህን ዕውቀት ወደ ሥራ ከለወጡት አንዱ በ1980ዎቹ በርሊን ውስጥ የተዘጋጀው የማላመጃ ዘዴ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ እናት ወይም አባት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከልጁ ጋር በክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ልጁንም አንድ የተለየች ሞግዚት ትቀርበዋለች። ከአራተኛው ቀን በፊት መለየት የለም። በአራተኛው ቀን ወላጅ ተሰናብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል፣ ይመለሳል። ከዚያ በልጁ ልክ ይረዝማል።

ወደኛ በር እንመለስ። በመስከረም ጠዋት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር “ሳያይሽ ውጪ!” የሚል ነው። እናት ልጁን በአሻንጉሊት አዘናግታ ትሾልካለች፤ ወይም “አሁን መጣሁ፣ ከረሜላ ልገዛልህ” ብላ ትሄዳለች። ልጁ ዘወር ሲል የለችም። ለቅሶው ቀረ እንጂ ችግሩ አልቀረም፤ ልጁ የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት “ዓይኔን ከነቀልኩ ሰው ይጠፋል” የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊት እየባነነ እናቱን ቢዳብስ ምን ይገርማል? ይልቅ “እሄዳለሁ፤ ምሳህን በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ” ብሎ፣ ስሞ፣ መሄድ ይሻላል። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። እንባው አልተዋሸም።

አስተማሪዎቹንም መውቀስ ይቀላል። አርባ ልጅ በአንድ ጠዋት ሲያለቅስባት አንዲት ወጣት መምህርት የቱን ታቅፍ? ደመወዟም ሆነ የክፍሏ ስፋት ለፍሮብል አትክልት ስፍራ የተሠራ አይደለም። ደግሞ አያቶቻቸው የሚያመጧቸው ልጆች አሉ። እናታቸው ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ለእነዚህ ልጆች “ተመልሼ እመጣለሁ” የሚለው ቃል አንዴ ተነግሯቸው ዓመታት አልፈዋል። አያትየው ከበሩ ሲርቁ የሚጮኸው ልጅ ስለ አያቱ ብቻ እየጮኸ አይደለም። ያን ለቅሶ በከረሜላ መደለል ምን ያህል እንደሚያሳዝን ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

“ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ እናት ሥራ ትፈታ እንዴ?” የሚሉኝ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቀን ሠራተኛዋ እናት አንድ ጠዋት ከቀረች የዕለት ጉርሷ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን በእናት ደግነት ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንመልከት። ለወሊድ 30 ቀን ቅድመ ወሊድ፣ 90 ቀን ድኅረ ወሊድ ፈቃድ ደንግጓል፤ ለአባት 3 ቀን ሰጥቷል። ሠራተኛ ሲያገባ 3 የሥራ ቀን፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቀድለታል። ለሠርግ ሦስት፣ ለሐዘን ሦስት። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት የሚወጣበት ሳምንት ግን ከቁጥር አልገባም።

እኔ የምለው እዚያች ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ትጨመር ነው፤ በዓመት ሳይሆን በልጅ አንድ ጊዜ፣ ለእናት ወይም ለአባት፣ ሦስት ቀን። ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም አዲስ ልጅ በአንድ ሰኞ ከመቀበል አሥር አሥሩን በየተራ ቢያስገቡ፣ ለወላጅም ወይም ለአያት በክፍሉ ጥግ አንድ አግዳሚ ቢያኖሩ ብዙ ገንዘብ አያስወጣቸውም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ለልጁ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ልጁ ዘወር ሲል እዚያው መገኘት ብቻ ነው።