ሁለቱ ሞክሼዎች

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አንድ ስም በሁለት መቃብር ላይ ሲውልስ ምን ይባላል?

የብሉዝ ሙዚቃ ወዳጅ የሆነ ሰው ሸክላ ሲያገላብጥ ሰኒ ቦይ ዊሊያምሰን የሚለውን ስም ማግኘቱ አይቀርም። ካገኘ በኋላ ግን ግራ ይገባዋል። በ1948 ተገደለ የተባለው ሰው በ1963 እንግሊዝ አገር መድረክ ላይ ቆሞ ሃርሞኒካ ይነፋል! (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ነገሩ ተአምር አይደለም፤ ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ዘመዳሞች አይደሉም። ተራ ሞክሼዎችም አይደሉም፤ አንደኛው ስሙን ከሌላው ወስዶታልና። ታዲያ ይህን ሰው ሌባ ብለን እንለፈው ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ፊተኛው ጆን ሊ ዊሊያምሰን በ1914 ቴነሲ ውስጥ፣ ጃክሰን ከተማ አጠገብ ተወለደ። «ሰኒ ቦይ» በእኛ «ማሙሽ» እንደማለት ያለ የቁልምጫ ስም ነው። እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ጥቁሮች እርሱም ወደ ሰሜን ተሰዶ በ1934 ቺካጎ ገባ። በሜይ 1937 ለብሉበርድ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ሸክላ ሲያስቀርጽ ዕድሜው 23 ነበር። ከእነዚያ አንዱ «ጉድ ሞርኒንግ ስኩል ገርል» እስከ ዛሬ ይዘፈናል።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሃርሞኒካ ከጀርመን አገር በገፍ የሚመጣ፣ ደኻ ኪስ የሚገባ ርካሽ ዕቃ ነበር። ሠሪዎቹ ያዘጋጁት ለአውሮፓ ሕዝባዊ ዜማ ሲሆን፣ ዋናውን ኅብረ ድምፅ የሚሰጠው ሲነፉት ነው። ጥቁሮቹ ግን ነገሩን ገለበጡት። ከመንፋት ይልቅ አየሩን ወደ ውስጥ በመሳብ ላይ አተኮሩ፤ ሲስቡም በአፋቸውና በምላሳቸው ድምፁን ወደ ታች ያጎብጡታል። ስለዚህ በ«ሲ» የተቃኘውን ሃርሞኒካ በ«ጂ» ይጫወቱበታል። ፋብሪካው ያላሰበውን ለቅሶና ሳቅ ያወጡበት በዚህ መንገድ ነው። ጆን ሊ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። ሃርሞኒካ በአብዛኛው አጃቢ ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ እርሱ ግን ከድምፁ ጎን እኩል አቆመው። እርሱ ስንኙን ያወጣል፣ ሃርሞኒካው ይቀበላል። ከመቶ በላይ ዘፈኖችን በሸክላ ትቷል፤ ብዙዎቹንም የደረሰው ራሱ ነው።

ጁን 1 ቀን 1948 ቺካጎ ውስጥ ከሚጫወትበት ክበብ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲመለስ ወንበዴዎች ደብድበው ገደሉት። 34 ዓመቱ ነበር።

ኋለኛው ሰው ደግሞ የሚሲሲፒ ተወላጅ ነው። ሲወለድ ፎርድ ነበር፤ ሚለር የእንጀራ አባቱ ስም ነው። ወዳጆቹ ራይስ ሚለር ይሉታል። የልደቱ ዘመን እንኳ እንደ ጠያቂው ይለያያል፦ ራሱ 1899 ይል ነበር፤ የመቃብሩ ድንጋይ 1908 ይላል፤ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ደግሞ ወደ 1912 ያመለክታል። ወላጆቹ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። የእንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጅ ዕድሜ ማን ጽፎ ያስቀምጣል?

በኖቬምበር 1941 አርካንሳ ውስጥ በሄለና ከተማ አንድ የዱቄት ነጋዴ በኬ ኤፍ ኤፍ ኤ ራዲዮ ጣቢያ የቀትር ፕሮግራም አስጀመረ። ሚለር ከጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ሎክውድ ጋር ሃርሞኒካውን እየነፋ «ኪንግ ቢስኪት» የተባለውን ዱቄት ያስተዋውቃል። ከጥጥ እርሻ ለምሳ የሚገባው ሠራተኛ ራዲዮኑን ከፍቶ ይሰማዋል። ሚለር የቀረበው ግን ሰኒ ቦይ ዊሊያምሰን ተብሎ ነው! ጆን ሊ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሸክላዎቹም ከተሸጡ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ዝነኛ ስም ዱቄት ያሸጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ኋላማ «ሰኒ ቦይ» የሚባል የበቆሎ ዱቄት ወጣ፤ ከረጢቱ ላይም የሚለር ሥዕል በበቆሎ እሸት ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ሌባ ነው የሚሉት ሰዎች እስከዚህ ድረስ እውነት አላቸው። ይባስ ብሎ ሚለር «ዋናው እኔ ነኝ» እያለ ነው የኖረው። ከ1948 በኋላ ደግሞ ጆን ሊ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ሙት መከራከሪያ የለውም።

ዘፈኑን ስንሰማ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሚለር የጆን ሊን አጨዋወት አልገለበጠም። ቁጥብ ነው፤ ጥቂት ድምፅ ያወጣና ዝም ይላል፤ መዳፉን በሃርሞኒካው ላይ ከፈት ዘጋ እያደረገ ያናግረዋል። ግጥሞቹም የራሱ ናቸው፤ ሐሜትና ቀልድ የተሞሉ፣ ሳቅ ውስጥ መርዝ የሚያስቀምጡ። መጀመሪያ ሸክላ ያስቀረጸው በ1951 ለትራምፔት ኩባንያ ነው፤ ባለቤቷ ሊሊያን መክመሪ የተባለች ሴት ስትሆን ከተማው ጃክሰን ሚሲሲፒ ነው። (ከተሞቹም ሞክሼ ናቸው እኮ!) ትራምፔት በ1955 ሲከስር የሚለር ውል ለአበዳሪ ተላለፈ፤ አበዳሪውም ለቺካጎው ቼስ ኩባንያ ሸጠው። በዚያው ዓመት «ዶንት ስታርት ሚ ቱ ቶኪን» ከጥቁሮች ገበያ ዝርዝር ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ።

ልብ በሉ፤ የአንዱ ስም ለዱቄት ማሻሻጫ ዋለ፣ የሌላው ውል እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ከሁለቱም ያተረፉት ነጋዴዎች ናቸው። ይህን ማለቴ ሚለርን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ጥሩ ዘፈን መድረስ የሰውን ስም መውሰድን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ቁጣችንን ሁሉ በአንድ የጭሰኛ ልጅ ላይ ጨርሰን ባለ ከረጢቱን ከረሳነው ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው ያነበብነው።

ሚለር በ1963 አውሮፓን ዞረ፤ ያርድበርድስ ከተባሉት የእንግሊዝ ወጣቶች ጋር ተጫወተ፤ ሁለት ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ አሰፋ። ከዚያም ወደ ሄለና፣ ወደዚያው ራዲዮ ጣቢያ ተመለሰ። ሜይ 25 ቀን 1965 ለፕሮግራሙ ሳይመጣ ቀረ። ከበሮ መቺው ፔክ ከርቲስ ሊጠራው ቢሄድ ሞቶ አገኘው።

መቃብሩ ላይ ድንጋይ ያቆመችለት ያቺው መክመሪ ናት፣ በ1977። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የሞቱ ቀን ግን የተሳሳተ ነው። ጆን ሊ ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ያገኘው በ1990፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ሆነን በድንጋይ የተጻፈውን ሁሉ እንዳናምን ይህ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሁነን።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ስሙ የጆን ሊ ነው፣ ዘፈኖቹ ግን የየራሳቸው ናቸው። ሸክላውን ስታገላብጡ ዓመቱን ተመልከቱ። እስከ 1947 ድረስ የተቀረጸ ከሆነ ጆን ሊ ነው፤ ከ1951 ወዲህ ከሆነ ሚለር ነው። ስትሰሙም እያንዳንዱን በገዛ ስሙ ጥሩት። ለሟቹ ስሙን መመለስ የምንችለው በዚህ ያህል ነው።