ደጅ የሚጠና ፕሮግራም፤ ስለ ማንበብና ስለ መጠበቅ አጭር ታሪክ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሳይውል ሳያድር የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ከመለኪያ መሣሪያ በየቅጽበቱ የሚመጣውን ቍጥር እንዲያነብ ያዘዘው ፕሮግራም፣ መሣሪያው ዝም ሲል አብሮ ዝም ይላል፤ «አቁም» ቢሉት እንኳ አይሰማም። ብዙዎች ይህን የቋንቋው ጉድለት አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን ችግሩ ዛሬ ከምንጽፍባቸው ቋንቋዎች ኹሉ የሚቀድም መሆኑን ለማሳየት አስበናል።

በመጀመሪያ ዘመን ኮምፒዩተር ደጅ ጠኚ ነበረ። ወይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይ እየተመላለሰ «መጣ ወይ?» ይላል፤ በሁለቱም መንገድ ጊዜው ይባክናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራው ዳይሲያክ ከውጭ በሚመጣ ምልክት ሥራውን ለማቋረጥ ከቻሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በክሊቭላንድ በሚገኘው የሌዊስ ላቦራቶሪ፣ ዩኒቫክ 1103 የተባለው ኮምፒዩተር ሌላ ስሌት ሲሠራ ቆይቶ፣ ከነፋስ መፈተኛው ዋሻ መረጃ ሲመጣ ሥራውን አቋርጦ ይቀበልና ወደ ስሌቱ ይመለስ ነበር። እንግዳው ራሱ በሩን እንዲያንኳኳ ተደረገ ማለት ነው።

በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ ይህን ዘዴ ከፕሮግራም ጸሐፊው ሰወረው። «ሪድ» ብሎ ያዘዘ ፕሮግራም መረጃ እስኪመጣ ይተኛል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሌሎችን ያገለግላል። መልካም ዘዴ ነበረ። ነገር ግን ሁለት ምንጭ የሚያዳምጥ ፕሮግራም በአንደኛው ደጅ ሲተኛ ለሁለተኛው ደንቆሮ ይሆናል። «ካልመጣ አትጠብቅ» የሚለው ምልክት በሲስተም ፋይቭ ሲሰጥ፣ ምንም ያላገኘ ንባብ ዜሮ ይመልስ ነበር። ዜሮ ደግሞ «መረጃው አልቋል» ማለትም ነው! አሁን የለምና ከእንግዲህ የለም በአንድ ቃል ሲነገሩ፣ ፕሮግራሙ በምን ይለያቸው? ይህን የ1988ቱ ፖዚክስ ደንብ አስተካከለው፤ መረጃ ለጊዜው ከሌለ ዜሮ ሳይሆን የስሕተት ምልክት እንዲመለስ ወሰነ።

በእኛ አስተያየት ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው በ1983 ከበርክሊ ዩኒክስ 4.2 ጋር የወጣው «ሴሌክት» ነው። ፕሮግራሙ የሚያዳምጣቸውን ምንጮች ዘርዝሮ የጊዜ ገደብ ይሰጣል፤ ከእነርሱ አንዱ ሲዘጋጅ ወይም ገደቡ ሲያልፍ ይነቃል። መጠበቁ አልቀረም፤ ለኹሉም በአንድ ደጅ ሆነ እንጂ። ምንጮቹ በሺሕ ሲቈጠሩ ዝርዝሩን በየጊዜው መፈተሽ ስለ ከበደ፣ ሊኑክስ በ2002 «ኢፖል»ን ጨመረ።

ቋንቋው በእርግጥ የሚወቀስበት አንድ ቦታ አለ። የሲ ቋንቋ የንባብ መደብ ከተጠየቀው አብልጦ አንብቦ ትርፉን በራሱ ቋት ያኖራል። ሴሌክት ይህን ቋት አያይም። ስለዚህ ሁለት መስመር አብረው መጥተው አንዱ ብቻ ከተነበበ፣ ሁለተኛው በቋቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሴሌክት «ምንም የለም» ይላል፤ ፕሮግራሙም በእጁ ያለውን መረጃ ይጠብቃል።