ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ጨዋታዎች

ኢትዮጵያ በአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ውድድር፣ በፓራሊምፒክ፣ መጀመሪያ የተሳተፈችው በ1968 እ.ኤ.አ. ቴል አቪቭ ላይ ነው። እስከ ፓሪስ 2024 ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የ1500 ሜትር ናቸው።

የመጀመሪያውን ሜዳሊያ (ብር) ወንድዬ ፍቅሬ በለንደን 2012 አስገኘ። በሪዮ 2016 ከፊል የማየት ችግር ባለባቸው ምድብ (ቲ13) ታምሩ ደምሴ ብር ሲያገኝ የሮጠበት 3፡48.49 በዚያው ዓመት በዝግታ ከተሮጠው የኦሊምፒክ ፍጻሜ የአሸናፊው ሰዓት (3፡50.00) ይፈጥናል።

የመጀመሪያው ወርቅ በቶኪዮ 2020 በትዕግስት ገዛኸኝ (ቲ13) ተገኘ። በፓሪስ ትዕግስት ድሏን ደገመች፤ ሯጮች ዓይናቸውን ሸፍነው ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዘው በሚሮጡበት በቲ11 ደግሞ ያየሽ ጌቴ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ብር አገኙ።