ዋስ ሽቦ፦ የሚታሰረው ከኋላ ለሚመጣው ነው

በአሜሪካ እንደ ዌራ፣ ሲሲኤስ እና እ.ኤ.አ. በ1954 በካሊፎርኒያ እንደተመሠረተው ኤኤፍኤም ያሉ ክለቦች፣ በሥራ ቀናት መምህር ወይም ነርስ ሆኖ የሚውል ሰው ቅዳሜና እሑድ በዝግ ትራክ ላይ በሞተርሳይክል እንዲወዳደር ዕድል ይሰጣሉ። አብዛኛው ተወዳዳሪ ይዞ የሚመጣው ለመንገድ የተሠራ ሞተርሳይክል ስለሆነ፣ ትራክ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ በቴክኒክ መርማሪዎች ፊት ማለፍ አለበት። እኛ አገር ለዓመታዊው ቦሎ ሲመረመር መብራቱና ፍሬቻው መሥራታቸው ይታያል፤ እዚያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስፖኪዮው፣ ፍሬቻው፣ መቆሚያ እግሩ ይነቀላሉ፤ ያልተነቀለ መብራት ቢሰበር ስባሪው እንዳይበተን በፕላስተር ይሸፈናል። ነዳጅ መስጫው እጅ ሲለቀው በራሱ መመለስ አለበት። ከራዲያተሩም ግላይኮል ያለበት ማቀዝቀዣ ተደፍቶ ውሃ ይሞላል። ግላይኮል የሚፈላው በ197 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ቶሎ አይተንም፤ ያንሸራትታል። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ያስረዱት ሰው ይረዳዋል። አዲስ ተወዳዳሪን ግራ የሚያጋባውና ብዙ ጊዜውን የሚወስድበት ሌላ ነገር ነው፤ ከአንድ ብሎን ራስ ተነሥቶ ወደ ሌላው እየተገመደ የሚሄድ ቀጭን ሽቦ። በእንግሊዝኛ ሴፍቲ ዋየር ይባላል፤ የአውሮፕላን ሰዎች ሎክ ዋየርም ይሉታል።

ሽቦው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ የተለመደው ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የብሎኑ ራስ በቀጭን ፑንታ ይበሳል፤ ሽቦው በቀዳዳው ይገባና ሁለቱ ጫፎቹ እርስ በርስ ይገመዳሉ። በአቪዬሽን ጥገና ለዚህ ውፍረት የተለመደው ልክ በየ25 ሚሊሜትሩ ከ6 እስከ 8 ጥምዝ ነው። ከዚያ ጉንጉኑ ወደ ሌላ ብሎን ወይም ወደማይንቀሳቀስ የሞተሩ አካል ተስቦ ይታሰራል፤ ትርፉ ተቆርጦ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እጅ እንዳይቀድ። ዋናው ብልሃት ግን አቅጣጫው ላይ ነው። ጥርሱ በቀኝ የሚጠብቅ ብሎን የሚላላው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ስለዚህ ሽቦው የብሎኑን ራስ ወደ ማጥበቂያው በኩል ስቦ እንዲይዝ ይደረጋል። ሁለት ብሎኖች አንድ ላይ ሲታሰሩ ሽቦው በመካከላቸው በሰያፍ ስለሚሻገር፣ አንደኛው ልላላ ብሎ ቢዞር ሌላውን የሚጎትተው ወደ መጥበቅ ነው። አቅጣጫውን ስቶ የታሰረ ሽቦ ጥምዙ ምንም ያህል ቢያምር የሚከለክለው ነገር የለም። የሚታሰሩት ክፍሎች ዝርዝር ከክለብ ክለብ ቢለያይም፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን፣ የዘይት መሙያው ክዳን፣ የዘይት ፊልትሮውና የፍሬን ካሊፐር ብሎኖች ከማይቀሩት ናቸው። ፊልትሮ የሚበሳ ራስ ስለሌለው ቱቦ በሚታሰርበት ፋሼታ ይከበብና ሽቦው ከፋሼታው ይነሣል።

ለዚህ ነገር በአማርኛ «ዋስ ሽቦ» የሚለውን ስም አቀርባለሁ። «የደኅንነት ሽቦ» ብንለው ለአንባቢው ቀድሞ የሚታየው አጥር ላይ የተዘረጋው እሾሃማ ሽቦ ነው። «ማሰሪያ ሽቦ» ደግሞ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ሆኖ ቦታው ተይዟል። ዋስ ግን የሽቦውን ሥራ በትክክል ይናገራል። ዋስ የባለዕዳውን ዕዳ ከመጀመሪያው አይከፍልም፤ የሚጠየቀው ባለዕዳው ሳይሆንለት ሲቀር ነው። ዘይቱን የመያዝ ግዴታም የብሎኑ የራሱ ነው፤ በጥርሱ፣ በሮንዴላውና በልኩ በመጥበቁ የሚወጣው። ሽቦው የሚጠራው ብሎኑ ሲከዳ ብቻ ነው። ድርጊቱን «ዋስ ሽቦ ማሰር»፣ መጠምዘዣ መሣሪያውንም «የዋስ ሽቦ ፒንሳ» ማለት ይቻላል። ቦሌ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥገና ይህ ሥራ የታወቀ ነው፤ የሙያው ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ግን ስሙም በእንግሊዝኛ ቀርቷል፤ እዚያ የሚነገረውን ማንም እንዲለውጥ አልጠይቅም። በአማርኛ ለሚጽፍና ለሚያስተምር ግን ሥራውን የሚያስረዳ ስም ያስፈልገዋል።

ስሙ ወደ ዋናው ጥያቄ ይወስደናል፤ ዋስትናው ለማን ነው? ብዙ ጀማሪ ለራሱ ይመስለዋል። እርግጥ የማፍሰሻ ብሎኑ የወደቀበት ነጂ ዘይቱ በራሱ የኋላ ጎማ ላይ ስለሚፈስ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን ሞተሩን ራሱ አዘጋጅቷል፤ አደጋውንም አውቆ ገብቷል። ከኋላው በሙሉ ፍጥነት ወደ ኩርባው የሚገቡት ሌሎቹ የእሱን ብሎን ማን እንዳጠበቀው አያውቁም፤ በአስፋልቱ ላይ የተሰመረውን ዘይትም በጊዜ ላያዩት ይችላሉ። ሕጎቹ ከሌላው ነገር ይልቅ በፈሳሽ ላይ የሚበረቱት ለዚህ ነው። የዓለም አቀፉ የሞተርሳይክል ፌዴሬሽን ደንብም የውድድር ሞተርሳይክል የታችኛው ሽፋን፣ ሞተሩ ቢፈነዳ ከዘይቱና ከማቀዝቀዣው ጠቅላላ መጠን ቢያንስ ግማሹን እንዲይዝ ያዛል፤ ይህ ሽፋን ለተፈነዳበት ነጂ ብዙም አይፈይደውም፤ የተሠራው ለተከታዩ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1973 በጣሊያን ሞንዛ በ250 ሲሲ ውድድር የመጀመሪያ ዙር ላይ ተወዳዳሪዎቹ ሬንዞ ፓሶሊኒና ያርኖ ሳሪነን በደረሰ አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ በፊት በነበረው የ350 ሲሲ ውድድር የተወዳዳሪው ዋልተር ቪላ ቤኔሊ ሞተርሳይክል ዘይት ሲያፈስ ነበርና፣ ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ያ ዘይት ነው ሲባል ቆየ፤ የአደጋው ምርመራ ደግሞ የፓሶሊኒ ሞተር በድንገት ነክሶ መቆሙን አመለከተ። ይህን የማነሣው ሽቦ ያድናቸው ነበር ለማለት አይደለም። ክርክሩ ራሱ የሚያሳየው ነገር ስላለ ነው፤ አንድ ሰው ያፈሰሰው ዘይት እሱ ከትራኩ ከወጣ በኋላም በሌሎች ሕይወት ላይ ጥያቄ ሆኖ ይቆያል።

ይህን ክርክር የማይቀበሉ ሰዎች ጠንካራ መልስ አላቸው። በመንገድ ላይ ያሉ ሞተርሳይክሎች ያለ ሽቦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ሄደው ብሎናቸው አይወድቅም፤ ታዲያ በአጭር ውድድር ምን ያወድቀዋል ይላሉ። ፋብሪካ ላይ የጠበቀና ሳይነካ የሚቆይ ብሎን ብናነጻጽር እውነታቸውን ነው። የውድድር ሞተር ግን ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ የፊት ጎማ በተለወጠ ቁጥር ካሊፐሩ ይፈታል፤ ይህን የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ከሥራ መልስ ማታ የሚደክም አማተር ነው። ብሎንን የሚያላላው ንዝረት ብቻ አይደለም፤ በጣት አስገብቶ በቁልፍ ማጥበቅን መርሳትም ነው። ዋስ ሽቦ ለማሰር እያንዳንዱን ብሎን ዳግመኛ መንካት ግድ ይላል። በእኔ ግምት ከሽቦው ጥቅም ትልቁ ክፍል ይህ ሁለተኛ ጉብኝት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቴክኒካዊ ነው፤ ሽቦ የብሎኑን ጥብቀት አይጠብቅም፣ ትንሽ እንዲላላ ይፈቅዳል፣ የብሎን ማጣበቂያ ይሻላል የሚል። የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው በልኩ ማጥበቅ በሽቦ የማይተካው። ነገር ግን በመላላትና ፈጽሞ ወጥቶ በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት፣ በመንጠብጠብና ሊትሮችን በአንድ ኩርባ ላይ በመዘርገፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የሚንጠባጠብን ሞተር ዳኛ አይቶ በጥቁር ባንዲራ ሊያስወጣው ይችላል። ማጣበቂያው ደግሞ፣ ቢሠራም፣ አይታይም። በርካታ ሞተሮች ተሰልፈው በሚጠብቁበት ጠዋት መርማሪው የእያንዳንዱን ብሎን ጥብቀት በቁልፍ ሊለካ አይችልም፤ ባለቤቱ «አጥብቄዋለሁ» ሲለው ማመን ወይም አለማመን ብቻ ይሆናል ዕጣው። ሽቦውን ግን ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ መኖሩንም፣ አቅጣጫውንም፣ መወጠሩንም።

መብሳት ብሎኑን ያዳክማል የሚለው ሥጋት ቀዳዳው በብሎኑ ራስ ላይ ብቻ ሲሆን ትልቅ አይደለም፤ ወደ ግንዱ ከጠለቀ ግን እውነተኛ አደጋ ነው፤ በተለይ በፍሬን ብሎኖች ላይ። እጁ ያልለመደ ሰው ተበስተው የሚሸጡትን ቢገዛ ይሻለዋል። አንድ ነገር ላይ ግን ከተቃዋሚዎቹ ጋር እስማማለሁ። አንዳንዱ ባለሞተር መርማሪውን ለማስደሰት የሽፋን ማያያዣ ብሎኖችን ሳይቀር ያስራል። ፈሳሽ የማይዝ፣ ፍሬን ወይም ጎማ የማይሸከም ብሎን ላይ የሚታሰር ሽቦ የመርማሪውን ዓይን ከሚያስፈልገው ቦታ ያዘናጋል፤ ባለቤቱንም ዘይት በቀየረ ቁጥር ለማያስፈልግ ሥራ ይዳርገዋል። አንዴ የተፈታ ዋስ ሽቦ ተመልሶ ስለማይታሰር፣ በየጊዜው አዲስ ተቆርጦ እንደገና ይገመዳልና።